የቮልስን ማሞቂያ ከኋላ ወደ ፊት መጠገን

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ አንድ የቮልስ ባለቤት በአንድ እጁ መሪ በሌላው ጨርቅ ይዞ ፓራብሬዛውን ከውስጥ እየወለወለ ሲነዳ አዲስ አበባ ላይ ያላየ የለም። «ማሞቂያ የላትም እንዴ?» ቢሉት «ድሮ ነበራት መሰለኝ» ይላል። አሁንም አላት። አብዛኛው ክፍሏ እዚያው መኪናዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከፊሉ ዝጎ፣ ከፊሉ ተቀዶ፣ ከፊሉም «ለእኛ አገር አየር ምን ያደርጋል» ተብሎ ተነቅሎ።

እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የአዲስ አበባ ብርድ ሰው አይገድል ይሆናል፤ የተጋረደ መስታወት ግን ይገድላል። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መስታወቱም ከውስጥ ላብ ሲያወጣ የገጠመው ሰው የምለው ይገባዋል። ደግሞም የቮልስ ማሞቂያ እንደ ሬዲዮ ለብቻው የቆመ ዕቃ አይደለም። ከሞተሩ ማቀዝቀዣና ከጭስ መውጫው ጋር በአንድ ትንፋሽ የሚሠራ ነው። ማሞቂያውን የነቀለ ሰው ሳያውቀው የሞተሩን ማቀዝቀዣም ነክቷል። ስለዚህ ሥራውን የምንጀምረው ሁሉም ሰው ከሚጀምርበት፣ ማለትም ከእጀታው፣ ሳይሆን ከኋላ ከሞተሩ ነው፤ አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለንም ወደ ፊት እንመጣለን።

የአየሩ መንገድ

የቮልስ ሞተር ውሃ አያውቅም። ስለዚህ እንደ ሌሎች መኪኖች የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ጋቢና አምጥቶ ሰው ማሞቅ አይቻልም። ያለው ሙቀት የጭሱ ሙቀት ነው። በዲናሞው ዘንግ ላይ የተሰካው ቬንትሌተር በቺንጋ እየዞረ ከውጭ አየር ይስባል፤ አብዛኛውን በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋዋል፤ የተወሰነውን በግራና በቀኝ በወረዱ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ወደ ታች ይልካል። እዚያ የሚጠብቁት ሁለት የማሞቂያ ሳጥኖች ናቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የጭስ ቧንቧ ያልፋል፤ ቧንቧው ዙሪያውን ክንፋ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ለብሷል። አየሩ በክንፎቹ መካከል ሲሹለከለክ ይሞቃል። በሳጥኑ ጫፍ ያለችው ክዳን ክፍት ከሆነች በበሮቹ ሥር በተዘረጉት የላሜራ ቦዮች አድርጎ ወደ ጋቢና ይገባል፤ ዝግ ከሆነች ወደ ውጭ ይፈሳል።

ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቮልሶች በአብዛኛው ሲሊንደሮቹን ዞሮ የመጣውን አየር እንዳለ ወደ ጋቢና ይልኩ ስለነበር፣ ሞተሩ ትንሽ ዘይት ካንጠባጠበ ተሳፋሪው ሁሉ ይሸተው ነበር። የእርስዎ መኪና ከዚያ የቆየች ከሆነች የሳጥኑ ቅርጽ ይለያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

እጀታውም ተቀይሯል። የቀድሞዎቹ መሐል ወለሉ ላይ እንደ ቧንቧ የሚዞር እንቡጥ አላቸው። ከ1965 ሞዴል ወዲህ በእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች ቆመዋል፤ የቀኙ ሙቀቱን ይከፍታል፣ የግራው ለኋላ ተሳፋሪዎች እግር የሚወጣውን ይቆጣጠራል። ብዙ ሰው የግራውን ብቻ እየሳበ «አትሠራም» ብሎ ይፈርዳል።

ከመፍታትዎ በፊት

አንድ ቁልፍ እንኳ ሳያነሡ መኪናዋን ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ መስኮቱን ከፍተው። ከዚያ ዘንጉን ስበው ያሽትቱ። አፍንጫ ለዚህ ሥራ ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ወይም ከሥሩ ያሉት የዘንግ ቱቦዎች እያንጠባጠቡ ነው፤ ዘይቱ ትኩሱ ሳጥን ላይ ይወድቃል። ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን ያጥፉ፤ የነዳጅ ቱቦው ሳይቀየር ሌላ ሥራ የለም። የጭስ ሽታ ካለ ደግሞ ያንን ዘንግ ወደ ታች ይመልሱና እስከ ጥገናው መጨረሻ ድረስ አይንኩት።

ምንም ሽታ አለመኖሩ ግን ዋስትና አይደለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ የተኛን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞተርም ይወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከፍታ ቦታ ላይ ኦክስጅኑ ራሱ ሳሳ ስለሚል ጉዳቱ ይብሳል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ልጄ ከኋላ ወንበር ራሴን አመመኝ አለ፤ ባለቤቴን አቅለሸለሻት፤ እኔም ዓይኔ ከበደኝ። መንገዱ ነው፣ ማልደን ስለተነሣን ነው ተባባልን። ሸኖ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን፤ ሁላችንም ደህና ሆንን። ተመልሰን ገባን፤ እንደገና ያው። ቤት ስመለስ የግራውን ሳጥን አወረድኩት፤ በቧንቧው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ነበር። ከስድስት ወር በፊት አንድ ጋራዥ «አስተካክለነዋል» ብሎ ገንዘብ የተቀበለኝ ለዚህ ሳጥን ነው። ያስተካከሉት ከውጭ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ኖሯል፤ ስቱኮ ቀብተው ጥቁር ቀለም አልብሰውታል።

ሳጥኖቹን ማውረድ

መኪናዋን ከኋላ ያንሡና የብረት መቆሚያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር መግባት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ባትሪውን ይንቀሉ፤ በቮልስ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው።

የፊተኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች፣ አንደኛውና ሦስተኛው፣ ጭሳቸውን የሚሰጡት ለማሞቂያ ሳጥኖቹ ነው። የኋለኞቹ ሁለተኛውና አራተኛው በቀጥታ ማርሚታው ላይ ያፈሳሉ። ስለዚህ ማርሚታው ሳይወርድ ሳጥኑ በወጉ አይወጣም። እያንዳንዱ አፍ በቴስታታው ላይ በተተከሉ ሁለት ቡሎኖች ላይ በዳዶ ተይዟል። ዳዶዎቹ በዘመናት ሙቀትና ዝገት ከቡሎኑ ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ትዕግሥት የሚያስፈልግበት ቦታ ይኸው ነው። አንድ ቀን ቀድመው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩ፤ ማታም ጠዋትም ይድገሙት። ቁልፉ ስድስት ጎን የሚይዝ ይሁን፤ ዐሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ጫፉን ይበላዋል። ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ እያሉ ያለማምዱት። እምቢ ካለ ዳዶውን በጋዝ እሳት ያግሉት፤ ይህን ግን ዘይቱ ተጠርጎ፣ የነዳጅ ቱቦው ርቆ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ተቀምጦ። አሁንም እምቢ ካለ ዳዶውን በጠባብ መሮ ሰንጥቀው ያውጡት። ዳዶ መስበር ዳዶ ያስወጣል፤ ቡሎኑን ቴስታታው ውስጥ መስበር ግን ሞተር ያስወርዳል።

ከዚያ የማርሚታውን ማያያዣዎች፣ በሳጥኑ ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ የቆርቆሮ መሸፈኛዎችና ወደ ቦዩ የሚወስደውን ቱቦ ይፍቱ። ክዳኗን የሚከፍተውን ካቦ መያዣ ሲፈቱ የየትኛው ጎን እንደሆነ ምልክት ያድርጉበት። መሸፈኛ ቆርቆሮዎቹን አንድም አይጣሉ፤ ቆይቼ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

መመርመር

የወረደውን ሳጥን በእንጨት ቆንጠር ቆንጠር ያድርጉት። ጥሩው ደንደን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ዝገትም ከውስጡ ይረግፋል። ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱን የሚሰጥዎት ጎሚስታ ካላማዳሪያ የሚፈትሽበት ዘዴ ነው። የጭስ ቧንቧውን ሁለት አፎች በላስቲክና በላሜራ ይድፈኑ፤ በአንዱ ድፍን ላይ የጎማ መንፊያ አፍ ያስገቡበት፤ ሳጥኑን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው በእጅ ፓምፕ ቀስ ብለው ይንፉ። ብዙ ግፊት አያስፈልግም። ከክንፎቹ መካከል አረፋ ከወጣ ቧንቧው ተበስቷል።

የተበሳ ቧንቧ ይበየዳል? በያጁ «ቀላል ነው» ይልዎታል፤ አይስሙት። ቀዳዳው ያለው በአሉሚኒየሙ ሥር ነው፤ እጅም ብየዳም አይደርስበትም። ከውጭ የሚለጠፈው ሁሉ ጭሱን ከዓይንዎ ይሸሽገዋል እንጂ ከሳንባዎ አያርቀውም። እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ይጣላል። የውጭው ሽፋን ብቻ የተበላ፣ ቧንቧው ግን አረፋ ያላወጣ ሳጥን ከሆነ ሽፋኑን አስበይዶ መጠቀም ይቻላል።

ምትክ ሲፈልጉ በውበት አይታለሉ። አዲስ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ከላይ ያብረቀርቃሉ፤ ውስጣቸው ግን ክንፍ የለውም ለማለት ይቻላል፤ አየሩም ሳይሞቅ ያልፋል። አሮጌውንና አዲሱን በሁለት እጅዎ ያመዛዝኑ፤ ከባዱ ይሻላል። ምናለሽ ተራ ከተፈታች መኪና የወረደ የጀርመን ሳጥን ካገኙና የበርሜሉን ፈተና ካለፈ፣ ከብልጭልጩ እሱን እመርጣለሁ።

መልሶ ማሰር

ጓርኒሲዮን ድጋሚ አይታሰርም፤ አራቱንም አፎች በአዲስ ይሥሩ። የቴስታታውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ያጽዱ። ሳጥኑን ገጥመው ዳዶዎቹን መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡ፤ ማርሚታውንም እንዲሁ አንጠልጥለው ያስሩ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ተራ በተራ፣ ሁለቱን ጎኖች እኩል እያስኬዱ ያጥብቁ። አንዱን አጥብቀው ሌላውን ለማድረስ የሚጎትቱ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ጠማማ ተቀምጧል፤ ነገ ያፏጫል።

ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሥተው፣ ወፍራም ጓንት የለበሰ ረዳት የማርሚታውን አፎች በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ሲይዝልዎ፣ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ይርጩ። ይህን ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ይሥሩት። አረፋ ካላዩ ጥሩ። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን አንዴ ደግመው ይፈትሹ፤ ሙቀት ሁሉንም ትንሽ ያላላል።

ሁለቱ ወፋፍራም ቱቦዎች

ከቬንትሌተሩ ቤት ወደ ሳጥኖቹ የሚወርዱት ቱቦዎች ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን በብዙ ቮልሶች ላይ የሉም። ቱቦው ሲጠፋ አፉ ክፍት ይቀራል፤ ለሲሊንደሮቹ የተነፋው አየር በዚያ ያመልጣል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ማባከኛ አፍ ከፍቶ «ቮልስ ዳገት ላይ ትግላለች» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

መሸፈኛ ቆርቆሮዎቹን አይጣሉ ያልኩዎትም ለዚህ ነው። ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር የሚለዩት እነሱና በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ጎማ ናቸው። ሲጎድሉ ቬንትሌተሩ የማርሚታውን ትኩሳት መልሶ ይስባል። ቺንጋውንም እግረ መንገድዎን ይዩ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። ከበዛ ከፑሌጃው ሁለት ገጾች መካከል አንድ ቀጭን ቀለበት አውጥተው በውጭ በኩል ያስቀምጡ።

ቴርሞስታቱ ካለ ይመልሱት። ከሲሊንደሮቹ ሥር በቀኝ በኩል የተቀመጠ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ዕቃ ነው፤ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ተለጥጦ የአየሩን በሮች ይከፍታል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ሞተሩ ቶሎ ካልሞቀ ጋቢናውም አይሞቅም። ውሃ አፍልተው ይክተቱት፤ ካልተለጠጠ ሞቷል። የማይለጠጥ ቴርሞስታት በሮቹን ዝግ አድርጎ ሞተሩን ሊያጋይ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ በሮቹን ክፍት አድርጎ ማሰር ይሻላል።

ክዳኑና ካቦው

በየሳጥኑ ጫፍ ያለችው ክዳን በሞላ ትዘጋለች፣ በካቦ ትከፈታለች። ክንዷን በጣትዎ ገፍተው ሲለቁት ራሱ ጠርቅሞ መመለስ አለበት። የሚያንገራግር ከሆነ ዝገቱን ጠርገው ሙቀት የሚችል ቅባት ይስጡት። ካቦው በመሐል ወለሉ ቱቦ ውስጥ አልፎ ከኋላ በካምቢዮው ግራና ቀኝ ይወጣል፤ መውጫው ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ከተቀደዱ ውሃ ይገባና ካቦው ቱቦው ውስጥ ይነክሳል። የነከሰ ካቦ በጉልበት አይወጣም። ከሁለቱም ጫፍ ዘይት እያጠጡ፣ በፒንሳ እያሽከረከሩ ይሞክሩ። አዲሱን ሲያስገቡ ከእጀታው በኩል፣ ቅባት ቀብተው ይግፉት።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካቦው የሚለካው ዘንጉ ሲሳብ ምን ያህል እንደሚከፍት ሳይሆን ዘንጉ ሲመለስ ክዳኖቹ ሁለቱም ፈጽመው መዘጋታቸው ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይዘጉ፤ ከዚያ የካቦውን ልል ብቻ ሰብስበው ያስሩ። መጋቢት ላይ እግርዎ ሥር እሳት የሚነድ ከመሰለዎት ይህን አልሠሩትም ማለት ነው።

ቦዮቹ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። በበሮቹ ሥር ያሉት ቦዮች አየር ማስተላለፊያ ብቻ አይደሉም፤ የመኪናዋ አካል ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በእነሱ ላይ ነው። የበሰበሰ ቦይ ያላት ቮልስ ወገቧ የተሰበረ ናት። ከኋላ በኩል በአየር መንፊያ እየነፉ በእጅዎ ይዳስሱ፤ አየር የሚሸሽበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ከውስጥ የአይጥ ጎጆ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ላሜራ ድረስ ቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት መጣፍ ይበቃል። ቦዩ በሙሉ ካለቀ ግን ሥራው የባለሙያ ነው፤ እርስዎ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከመቁረጥህ በፊት የበሩን አፍ በብረት ትደግፈዋለህ?» አልደግፍም ካለ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ። ሳይደገፍ የተቆረጠ አካል ይታጠፋል፤ ከዚያ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። የቦዩ የፊት ጫፍ ከቤንዚን ታንኩ ብዙም አይርቅም፤ እዚያ አካባቢ የሚበየድ ከሆነ ታንኩ ይውረድ፣ ከግቢም ይውጣ። ቀዳዳን በስቱኮ ወይም በፎም መጠቅጠቅስ? ውሃ ይቋጥርና የቀረውን ላሜራ በሁለት ክረምት ይጨርሰዋል።

መስታወቱ

ከቦዩ የፊት ጫፍ ቀጫጭን ቱቦዎች ተነሥተው ወደ ፓራብሬዛው ሥር ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ተነቅለው የተንጠለጠሉ ወይም ተሰንጥቀው አየሩን ከኮፈኑ ሥር የሚያፈሱ ናቸው። ገጥመው በማሰሪያ ያጥብቁ። እግር ሥር ያሉትን መውጫዎች መዝጊያም ይፈትሹ፤ እነሱ ሲዘጉ አየሩ ሁሉ ወደ መስታወቱ ይወጣል። ቮልስ ስትዘጋ እንደ ቆርቆሮ ሣጥን ግጥም ስለምትል፣ የውስጡ አየር መውጫ ካላገኘ ሙቁ አየር አይገባም። ትንሿን የጎን መስኮት በጣት ስፋት ገርበብ ያድርጉ፤ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

የመጨረሻው ፈተና

በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ይግዙ። ከኋላ ወንበር ያስቀምጡት፤ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ስበው ግማሽ ሰዓት ይንዱ፤ ዳገትም ቁልቁለትም ይኑርበት፤ መጠቆሚያው ቢጮህ ወዲያው ቆመው በሮቹን ከፍተው ይውረዱ።

ከማሞቂያው ተአምር አይጠብቁ። የቮልስ ሙቀት ከሞተሩ ዙር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ተዘግቶብዎት ቆመው የሚያገኙት ለብታ ብቻ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ግን ጃኬትዎን ያወልቃሉ። ብርድ የጠናባቸው አገሮች ያሉ ባለቤቶች ለብቻው ቤንዚን የሚያቃጥል ማሞቂያ ያስጨምሩ ነበር፤ ለእኛ አያስፈልገንም።

መጠቆሚያውን በፈተናው ማግስት ከመኪናዋ አያውጡት፤ እዚያው ይቀመጥ። ሳጥኖቹንም በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ሥር ገብተው ይዩዋቸው።